ኮሌስትሮሉ በግማሽ ወረደ፤ ቫልቩ ግን መጥበቡን አላቆመም

አኦርቲክ ቫልቭ ከልብ ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም ሁሉ የሚያልፍበት በር ነው። ጤነኛ ሲሆን ሦስቱ ስስ ክንፎቹ ከ3 እስከ 4 ካሬ ሴንቲሜትር ይከፈታሉ። ዕድሜ ሲገፋ በአንዳንድ ሰው ላይ ክንፎቹ ይወፍራሉ፣ ካልሲየም ይይዛሉ፣ ይደርቃሉ። መክፈቻው ወደ 1 ካሬ ሴንቲሜትርና ከዚያ በታች ሲወርድ ጥበቱ ከባድ ይባላል። ጥበቱን የሚያቆም መድኃኒት የለም፤ ያለው መፍትሔ ቫልቩን ደረት ከፍቶ ወይም በደም ሥር በሚገባ ቱቦ መቀየር ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት በሽታውን ባለበት የሚያቆም ክኒን ይገኝ ይሆን? ሳልታየር በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የስኮትላንድ ሙከራ የተነሣው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው።

ሙከራው የተካሄደው በኤድንብራ ነው። አኦርቲክ ቫልቫቸው ካልሲየም የያዘና ደሙ በቫልቩ በኩል ቢያንስ በ2.5 ሜትር በሰከንድ የሚወረወር 155 ሕሙማን ገቡበት። 77ቱ በየቀኑ 80 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ)፣ 78ቱ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ክኒን በዕጣ ደረሳቸው። ክትትሉ በመካከለኛ ግምት 25 ወር ፈጀ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ።

የደሙ ውጤት ያማረ ነበር። ስታቲን የወሰዱት ሰዎች ኤልዲኤል (መጥፎው) ኮሌስትሮል በአማካይ ወደ 63 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲወርድ የሌሎቹ 130 ላይ ነበር። ቫልቩ ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም። የደሙ የመወርወሪያ ፍጥነት በስታቲን ቡድን በዓመት በ0.199 ሜትር በሰከንድ ጨመረ፤ በሌላው ቡድን በ0.203። በሲቲ ስካን የተለካው የቫልቭ ካልሲየም በአንደኛው በዓመት 22.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 21.7 በመቶ አደገ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል መድኃኒቱ ቫልቩን ረድቶታል የሚያሰኝ ልዩነት የለም።

ውጤቱ ብዙ ሰው ያስደነገጠው ሐሳቡ መሠረት ስለነበረው ነው። በ1994 በሲያትል ካትሪን ኦቶና ባልደረቦቿ ገና መወፈር የጀመሩ ቫልቮችን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ስብ፣ ስቡን የዋጡ የመከላከያ ሴሎችና ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦች አገኙ። ሥዕሉ የልብ ደም ሥር ከሚዘጋው የስብ ክምችት ጋር በጣም ይመሳሰላል። በ1997 ደግሞ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 5,201 አሜሪካውያን የተካተቱበት ጥናት የቫልቭ መወፈር ከነማን ጋር እንደሚሄድ አወጣ፦ ዕድሜ፣ ወንድነት፣ ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ ኤልዲኤል፣ እና ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል ሌላ የስብ ቅንጣት። ይህች የመጨረሻዋ በዚያን ጊዜ ብዙ አላነጋገረችም። በኋላ ግን የጉዳዩን አቅጣጫ የምታዞረው እሷ ናት።

ከዚያ የድሮ መዝገቦችን የሚያገላብጡ ጥናቶች ተከታተሉ። በ2001 ከክሊቭላንድ፣ በ2002 ከማዮ ክሊኒክ፣ በ2004 ከቪየና የወጡት ሁሉ ስታቲን የሚወስዱ ሕሙማን ጥበታቸው ቀስ ብሎ እንደሚሄድ አሳዩ። የማዮው ጥናት ግን ውስጡ አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነበረው፤ የኮሌስትሮሉ ከፍታና ጥበቱ የሚሄድበት ፍጥነት አይዛመዱም ነበር። መድኃኒቱ የሚሠራው ኮሌስትሮል በመቀነስ ከሆነ መዛመድ ነበረባቸው። ያኔ ብዙዎች ይህን ያብራሩት «ስታቲን ከኮሌስትሮል ውጭ ሌላ ጥቅም አለው» በማለት ነው። አሁን ወደ ኋላ ሲታይ ቀላሉ ማብራሪያ ሌላ ነበር፦ ስታቲን የሚወስደውና የማይወስደው ሰው ገና ከመነሻው አንድ ዓይነት አይደሉም። የሚወስደው የልብ ደም ሥር በሽታ ስላለበት በየጊዜው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሣል፤ የማይወስደው ብዙ ጊዜ ኢኮ የሚነሣው ሐኪሙ የባሰበት መስሎት ሲጠራጠር ነው። እንዲህ በተሰበሰበ መዝገብ ላይ ፈጣኑ በሽታ ወደ አንዱ ወገን ይከማቻል።

ከሳልታየር በኋላም ተስፋው ወዲያው አልሞተም። በ2007 ከፖርቱጋል የወጣው ራቭ የተባለ ጥናት 121 ሕሙማንን ይዞ ሮሱቫስታቲን የተባለው ሌላ ስታቲን ጥበቱን እንዳዘገየ ዘገበ። ነገር ግን ዕጣ አልነበረውም። ኤልዲኤላቸው ከፍ ያለው ሁሉ መድኃኒቱን አገኙ፣ ዝቅ ያለው ሁሉ አላገኙም፤ ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጥናቱን ዛሬም እየጠቀሱ የሚከራከሩ አሉ፤ በዚህ አሠራር ላይ ግን ብዙ መመርኮዝ አይገባም።

ልኬቱ ራሱ ምን ያህል ይታመናል?

ሳልታየርን ለመረዳት 0.2 ሜትር በሰከንድ የምትባለው ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል።

ፍጥነቱ የሚለካው በኢኮ ማሽን፣ በዶፕለር ነው። ማሽኑ የሚያነበው ወደ መሣሪያው ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ደም ነው። ጫፉ ከደሙ አቅጣጫ 20 ዲግሪ ቢዘነበል በእውነት 4.0 የሆነው ፍጥነት 3.76 ሆኖ ይነበባል፤ 30 ዲግሪ ቢዘነበል 3.46። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ ከልብ ጫፍ ብቻ ለክቶ አያቆምም። በሽተኛውን በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ከደረት አጥንቱ ቀኝ በኩል፣ ቀጥሎም ከአንገቱ ሥር ካለው ጎድጓዳ፣ ምስል በማታሳየው ትንሿ የዶፕለር እርሳስ ጭምር ይፈልጋል፤ ከሁሉ የበለጠውን ንባብ ይወስዳል። ባለፈው ዓመት ከልብ ጫፍ ብቻ ተለክቶ ዘንድሮ ከቀኝ በኩል የተለካ ሰው ቫልቩ ምንም ሳይሆን በአንድ ዓመት 0.4 «ጠቦ» ሊገኝ ይችላል። የክትትል ኢኮ ወረቀት ላይ ከፍተኛው ፍጥነት በየት በኩል እንደተገኘ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። ይህች አንዲት መስመር በብዙ ሪፖርት ላይ አትገኝም።

ከፍጥነቱ የግፊት ልዩነቱ ይሰላል፤ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ በ4 ማባዛት ነው። 4 ሜትር በሰከንድ 64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሰጣል። ከ2.6 ወደ 2.8 መጨመር ግፊቱን በ4 ገደማ ሲያሳድገው፣ ከ3.8 ወደ 4.0 መጨመር በ6 ገደማ ያሳድገዋል፤ ያው 0.2 በበሽታው መጨረሻ ላይ የበለጠ ይከብዳል። የመክፈቻው ስፋት ስሌት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለስህተት የተጋለጠ ነው፤ ከቫልቩ በታች ያለው የደም መውጫ ዲያሜትር በራሱ ስለሚባዛ 20 ሚሊሜትር የሆነውን 22 ብሎ መለካት ስፋቱን በ21 በመቶ ያሳድገዋል። በሁለት ጉብኝት መካከል ስፋቱ «ተሻሻለ» የሚል ሪፖርት ካያችሁ መጀመሪያ የዲያሜትሯን ቁጥር አመሳክሩ። ደም ማነስ፣ ትኩሳትና የታይሮይድ መብዛት ፍጥነቱን ከፍ ያደርጉታል። በምርመራው ሰዓት በጣም ከፍ ያለ የደም ግፊት ደግሞ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የደም ግፊት ከኢኮው ጋር ይመዘገባል።

ይህ ሁሉ እያለ ሳልታየር እንዴት ሊታመን ቻለ? ዕጣው ስህተቱን ለሁለቱም ቡድን እኩል ስላካፈለው፣ ደግሞም በኢኮው ላይ ብቻ ስላልተመረኮዘ ነው። የሲቲ ስካኑ ቁጥር ከደሙ ፍጥነት ጋር አይያያዝም፤ ያለ ማቅለሚያ፣ ከልብ ምት ጋር ተናብቦ ተነሥቶ በቫልቩ ላይ ያለውን ካልሲየም ይቆጥራል። እዚህም የሚሳሳት አለ። የልብ ደም ሥሮች መነሻ ላይ፣ በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) ግድግዳ ወይም በሚትራል ቫልቭ (በግራው ልብ ሁለት ክፍሎች መካከል ባለው በር) ቀለበት ላይ ያለውን ካልሲየም አብሮ መቁጠር የተለመደ ጥፋት ነው። በትክክል ሲቆጠር በአውሮፓው መመሪያ መሠረት በወንድ ከ2000 በላይ፣ በሴት ከ1200 በላይ የሆነ ነጥብ ከባድ ጥበት የመኖሩን ዕድል ያሳያል። የሴቷ ወሰን ዝቅ ያለው ሴቶች ለተመሳሳይ ጥበት ካልሲየማቸው ያነሰ፣ ጠባሳቸው የበዛ ስለሆነ ነው።

ሌላም ነገር በሳልታየር የውጤት ሰንጠረዥ ላይ አለ። በስታቲን ቡድን ዓመታዊው ጭማሪ 0.199 ሲሆን የመበታተን ልኬቱ 0.210 ነው፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ከአማካዩ ይበልጣል። አንዱ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ሌላው በዓመት 0.4 ይሄዳል። ለአንድ በሽተኛ «ቫልቭህ በዓመት በ0.2 ይጠባል» ብሎ መንገር ለዚህ ነው ትርጉም የማይኖረው፤ የራሱን ፍጥነት ለማወቅ የራሱ ሁለት ወይም ሦስት ኢኮዎች ያስፈልጋሉ፣ ቢቻል በአንድ ማሽንና በአንድ እጅ የተነሡ።

በትልቁ ሲደገም

በሳልታየር ላይ የቀረበው ተቃውሞ ሕሙማኑ ጥቂት፣ ጊዜው አጭር፣ በሽታውም የገፋ ነበር የሚል ነው። ተገቢ ተቃውሞ ነበር። በ2008 ሲስ የተባለው ሙከራ በሰባት የአውሮፓ አገሮች 1,873 ሕሙማንን ይዞ መለሰለት። ፍጥነታቸው ከ2.5 እስከ 4.0 የሆነ፣ ምልክት የሌላቸው ሰዎች ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም ከሌላው ኮሌስትሮል ቀናሽ ከኢዜቲማይብ 10 ሚሊግራም ጋር ወይም ባዶ ክኒን ወስደው ከአራት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ቫልቭ ለመቀየር የበቁት 28.3 በመቶና 29.9 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። በልብ ደም ሥር መዘጋት የሚመጡ ችግሮች ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ቀነሱ። ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ሰው አካል ውስጥ፣ በአንድ መድኃኒት፣ በአንድ ጊዜ መገኘታቸው የጉዳዩ እምብርት ነው፤ ደም ሥሩ ሰማ፣ ቫልቩ አልሰማም።

በሲስ ላይ ካንሰር መድኃኒቱን በወሰዱት 105፣ ባልወሰዱት 70 ሰዎች ላይ ታይቶ ብዙ አስጨንቆ ነበር። ከዚያ በኋላ 18,144 ሕሙማን የተካተቱበት የኢዜቲማይብ ሙከራ በ2015 ውጤቱን ሲያወጣ የካንሰር ልዩነት አልታየም። በ2010 ደግሞ አስትሮኖመር የተባለው የካናዳ ሙከራ 269 ሕሙማንን ይዞ ሮሱቫስታቲን 40 ሚሊግራምን ፈተሸ። የግፊት ልዩነቱ በመድኃኒቱ ቡድን በዓመት በ6.3፣ በሌላው በ6.1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ጨመረ። ጥያቄው በዚህ ተዘጋ። አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ «ለቫልቭ አይሠራም» ተብሎ ስታቲን ማቋረጥ ትልቅ ጥፋት ነው። የቫልቭ ጥበት ያለባቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ የልብ ደም ሥር በሽታም አለባቸው፤ መድኃኒቱ የታዘዘላቸውም ለዚያ ነው።

ታዲያ ኤልዲኤል ለምን አስቶ መራ?

ኤልዲኤል ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ጥፋቱ ሌላ ጥያቄ የተጠየቀ መሆኑ ነው። የ1997ቱ ጥናት የመለሰው «ቫልቩ የሚወፍርበት ሰው ማነው?» የሚለውን ነው። ሙከራዎቹ የጠየቁት «የወፈረው ቫልቭ በምን ፍጥነት ይጠባል?» ብለው ነው። ቫልቩ አንዴ ካልሲየም መያዝ ከጀመረ በኋላ ሂደቱ የራሱን ጉልበት ያገኛል። በክንፎቹ ውስጥ ያሉት ሴሎች የአጥንት ሴል ጠባይ ይይዛሉ፣ ካልሲየም ያስቀምጣሉ። ካልሲየሙ ክንፉን ያደርቀዋል፤ የደረቀው ክንፍ በእያንዳንዱ የልብ ምት የበለጠ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ሌላ ካልሲየም ይጠራል። ልብ በቀን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ይመታል። በዚህ ክበብ ውስጥ ኤልዲኤል የቀረለት ሥራ ጥቂት ነው።

በ2014 የወጣ የዘር ጥናት ይህን ያጠናክራል፤ ከልደት ጀምሮ ኤልዲኤላቸው ከፍ እንዲል የሚያደርግ ዘር የወረሱ ሰዎች የቫልቭ ካልሲየምና ጥበት ይበዛባቸዋል። ማለትም ኤልዲኤል በር ከፋች ነው፤ ግን የሚቆጠረው ከበሽታው በፊት ያሉት ብዙ አሥርት ዓመታት ናቸው። በ68 ዓመት፣ ቫልቩ በ3.4 ሜትር በሰከንድ ሲነበብ የሚጀመር ስታቲን የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በ2013 ደግሞ የዘር ምርመራው ወደዚያች ያልታየች ቅንጣት አመለከተ። ሊፖፕሮቲን ኤን የሚያዘው ዘር ላይ ያለ አንድ ልውጥ፣ በአንድ ቅጂው ብቻ፣ የቫልቭ ካልሲየምን ዕድል በእጥፍ እንደሚያሳድግ ታወቀ። ይህች ቅንጣት ኤልዲኤልን ትመስላለች፤ ልዩነቷ አንድ ተጨማሪ ፕሮቲን የተጠመጠመባትና የተበላሹ ቅባቶችን ተሸክማ የምትዞር መሆኗ ነው። ስታቲን አይቀንሳትም፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያደርጋታል። በስታቲን ሙከራዎች ሁሉ ደሙ ውስጥ ሳትነካ የቀረች ነበረች።

የአስትሮኖመርን የደም ናሙናዎች መልሰው የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2015 ሊፖፕሮቲን ኤያቸው ከፍተኛ ሦስተኛ ላይ የሆኑት ሕሙማን፣ ማለትም ከ58.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ የሆኑት፣ በዓመት 0.26 ሜትር በሰከንድ ሲጨምሩ ሌሎቹ 0.17 እንደጨመሩ አገኙ። የኤድንብራ ቡድንም በ2019 ተመሳሳይ ነገር ዘገበ። ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በ2022 ግን በሮተርዳም 922 ነዋሪዎችን ለ14 ዓመት የተከታተለ ጥናት ሊፖፕሮቲን ኤ ካልሲየሙ ከመጀመሩ ጋር እንጂ ከማደጉ ጋር እንደማይዛመድ አወጣ። ያው የኤልዲኤል ጥያቄ እንደገና መጣ ማለት ነው። የሁለቱ ወገን ሕሙማን አይመሳሰሉም፤ አንዱ ጥበቱ የታወቀ በሽተኛ፣ ሌላው በአብዛኛው ጤነኛ የከተማ ነዋሪ ነው። ሊፖፕሮቲን ኤን የሚቀንሰው ፔላካርሰን የተባለው መርፌ በቫልቭ ጥበት ላይ የሚፈተሽበት ሙከራ ተጀምሯል፤ የሚዳኘው እሱ ነው።

ይህን ምርመራ የሚያዝ ሰው ሦስት ነገር ይያዝ። በአብዛኛው ከዘር ስለሚመጣ በዕድሜ አንዴ መለካት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ መጾም አያስፈልግም። አጣዳፊ ሕመም ባለበት ሳምንት አይለካ፤ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ከሁሉ በላይ መለኪያውን አንብቡ፤ አንዱ ላቦራቶሪ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ወሰኖች 50 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም 125 ናኖሞል በሊትር ናቸው፤ የቅንጣቷ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዱን ወደ ሌላው በትክክል የሚቀይር ማባዣ የለም። የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች መጠኑ በአማካይ ከአውሮፓውያን ከፍ ይላል። ስለዚህ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ቢገኝ የሚገርም አይደለም። ቁጥሩም ብቻውን ቫልቩ ጠቧል አያሰኝም።

ሁለተኛው የኤድንብራ ሙከራ

የኤልዲኤል መንገድ ሲዘጋ «በሽታው አጥንት የመሥራት በሽታ ከሆነ በአጥንት መድኃኒት እንሞክረው» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሳልታየር ሁለት የተባለው ሙከራ ውጤቱን በ2021 አወጣ። ሕሙማኑ ዴኖሱማብ 60 ሚሊግራም በየስድስት ወሩ በመርፌ፣ ወይም አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም በየሳምንቱ፣ ወይም ባዶ ሕክምና አገኙ። የአጥንት መፈራረስን የሚያሳየው የደም ጠቋሚ በዴኖሱማብ ከ0.23 ወደ 0.11 ማይክሮግራም በሊትር፣ በግማሽ ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ የቫልቩ ካልሲየም ነጥብ ግን በዴኖሱማብ በ343፣ በባዶው መርፌ በ354 ጨመረ። መድኃኒቱ አጥንት ላይ ሥራውን ሠርቷል፤ ቫልቩ ግን እንደገና የራሱን መንገድ ሄደ። ከመጀመሪያው ሙከራ ይልቅ ይህኛው የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም እዚህ ጠቋሚው ከሌላ አካል፣ ከአጽም የመጣ ነው። ደም ሁሉንም አካል ይዞርና የማን ቃል እንደሆነ ሳይነግር ያመጣል።

የኢትዮጵያው ቫልቭ ሌላ ነው

እስካሁን የተነገረው በዕድሜ የሚመጣውን የካልሲየም ጥበት ይመለከታል። በኢትዮጵያ የልብ ክሊኒኮች ጎልቶ የሚታየው የቫልቭ በሽታ በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ በሩማቲክ ትኩሳት በኩል ልብ ላይ የሚያርፈው፣ ይበልጡን ሚትራል ቫልቭን የሚይዘውና በወጣትነት የሚገለጠው ነው። ሊፖፕሮቲን ኤም ሆነ የካልሲየም ነጥብ ለዚህ በሽታ አልተሠሩም። እዚህ ሰዎች የሚያውቁት የደም ምርመራ ኤኤስኦ ነው፤ ስለ እሱም ያው ስህተት ይሠራል። ኤኤስኦ ከፍ ማለቱ የሚናገረው ሰውየው በቅርብ ወራት በስትሬፕቶኮከስ፣ የጉሮሮ ቁስለቱን በሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ተይዞ እንደነበር ነው። ቫልቩ ተነክቷል አይልም፣ እየባሰ ነውም አይልም። ጉልበቱን ያመመውን ሰው በኤኤስኦ ብቻ «የልብ ሪህ አለብህ» ብሎ ለዓመታት የፔኒሲሊን መርፌ ማዘዝ፣ በተቃራኒውም ኤኤስኦው ስለወረደ መርፌውን ማስቆም፣ ሁለቱም ጥፋት ናቸው። በ2022 ውጤቱ የወጣው የኡጋንዳ ሙከራ ይህ በሽታ የጀመራቸውን፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ 818 ልጆችን የመረጠው በኢኮ ነበር። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ካገኙት በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰባቸው 0.8 በመቶ፣ ካላገኙት 8.2 በመቶ ሆኑ። ይህ ስታቲን በሌላኛው ቫልቭ ላይ ሊያመጣው ያልቻለው ዓይነት ልዩነት ነው። የመጣውም ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ የበሽታውን መነሻ በመዝጋት ነው።

ስለ ልብ ጡንቻ የሚናገሩት ጠቋሚዎች

በቫልቭ ክሊኒክ ዛሬ በእርግጥ የሚጠቅሙት የደም ምርመራዎች ስለ ቫልቩ አይደለም የሚናገሩት፤ ቫልቩን ስለሚገፋው ጡንቻ ነው። ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ እና ቢኤንፒ የልብ ግድግዳ ሲለጠጥና ሲጨነቅ የሚወጡ ናቸው። ጥበቱ ከባድ ሆኖ ምልክት በሌለው፣ ለቀዶ ሕክምና አደጋው ዝቅተኛ በሆነ ሰው ላይ የቢኤንፒ መጠን ለዕድሜውና ለጾታው ከሚጠበቀው ከሦስት እጥፍ በላይ ከሆነ የ2020ው የአሜሪካ መመሪያ ቫልቩን መቀየር ተገቢ ነው ይላል። የሚቆጠረው እጥፉ እንጂ ባዶው ቁጥር አይደለም፤ ለ80 ዓመት ሴት የተለመደ መጠን ለ50 ዓመት ወንድ በሽታ ነው።

ይህን ምርመራ የሚያበላሹት ይታወቃሉ። የኩላሊት ድካምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት ከፍ ያደርጉታል። ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል፤ ወፍራም ሰው ላይ ዝቅ ያለ ቢኤንፒ ሊያዘናጋ አይገባም። ሳኩቢትሪል ያለበትን የልብ ድካም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢኤንፒው ከፍ ስለሚል ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ ይለካ። ሁለቱን በአንድ ክትትል መቀያየር አይቻልም፤ ባለፈው ዓመት ቢኤንፒ 90 ነበር፣ ዘንድሮ ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ 400 ሆነ ብሎ «አራት እጥፍ ጨመረ» ማለት ሁለት የተለያዩ ሞለኪውሎችን ማወዳደር ነው። ናሙና ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ከሆነም የሚመረጠው ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ ነው፤ ቢኤንፒ በክፍል ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳል።

ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲንም እንዲሁ ስለ ጡንቻው ጉዳት ነው የሚናገረው። ሦስተኛው የኤድንብራ ሙከራ፣ በ2024 የወጣው ኢቮልቭድ፣ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ምልክት የሌላቸውን ከባድ ጥበት ያለባቸውን ሰዎች በትሮፖኒንና በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚያነበው ምርመራ) ለየ፤ ከዚያ በኤምአርአይ ጡንቻቸው መሃል ጠባሳ የታየባቸውን 224 ሰዎች ቫልቩን ቶሎ በመቀየርና ምልክት እስኪመጣ በመጠበቅ መካከል በዕጣ ደለደለ። የትሮፖኒኑ ወሰን 6 ናኖግራም በሊትር ነበር። አንዳንድ ላቦራቶሪ በሚሊሊትር ይጽፋል፤ እዚያ ይኸው ቁጥር 0.006 ነው፣ የሺህ እጥፍ ልዩነቱ በቸልታ ይታለፋል። ሞት ወይም ከጥበቱ የተነሣ ድንገተኛ ሆስፒታል መግባት ቶሎ ከተቀየረላቸው በ18 በመቶ፣ ከተጠበቁት በ23 በመቶ ላይ ደረሰ፤ ልዩነቱን እርግጠኛ ለማድረግ የሕሙማኑ ቁጥር አልበቃም። በዚያው ዓመት ኧርሊ ታቨር የተባለው ሙከራ በደም ጠቋሚ ሳይመርጥ፣ በሩጫ ማሽን ላይ ምልክት ያላሳዩ 901 ሰዎችን ወስዶ ቶሎ መቀየሩ እንደሚሻል አሳየ፤ ጥቅሙ በአብዛኛው የመጣው ድንገተኛ ሆስፒታል መግባትን በመቀነስ ነው።

ስለዚህ መካከለኛ ጥበት ያለበት ሰው ክትትሉ ዛሬም በኢኮ ነው፤ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ፣ ቀላል ከሆነ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ፣ ከባድ ከሆነ በየስድስት ወር እስከ አንድ ዓመቱ። ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ የሚጨመረው ጥበቱ ከባድ ሆኖ ሰውየው «ምንም አይሰማኝም» ሲል ነው። ሲታዘዝ ፎርሙ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሬአቲኒን መጠንና የልብ ምቱ ዓይነት አብሮ ይጻፍ፤ ያለ እነዚህ አራቱ ከላቦራቶሪ የሚመለሰውን ቁጥር ማንበብ አይቻልም።